ቀዩ መብራት በገራ ቁልቁለት

ኅዳር ላይ ከጅማ ወደ አጋሮ የሚጓዝ ሰው መንገዱን ከቡና ጋር ይጋራል። በየደጁ በተዘረጋ ሸራና በእንጨት ቆጥ ላይ ጀንፈል ተሰጥቷል፤ ሴቶች ጎንበስ ብለው ያገላብጡታል፤ አህያው፣ ባጃጁ፣ ሞተር ብስክሌቱ ሁሉ ጆንያ ጭኗል። ወቅቱ የጥድፊያ ነው። ለእጥበት የሚሸጥ ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። በጆንያ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ ይብላላል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ቀን ሙሉ እየተመረጠ የተለቀመ ፍሬ በአንድ ሌሊት ደረጃው ይወርዳል። በዚህ አገር፣ በዚህ ወር፣ መንገድ ላይ የቆመ መኪና የባለ መኪናው ችግር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የጅማ ቡና ጥንትም ከመጓጓዣ ጋር የተቆራኘ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በገዙት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከየአቅጣጫው የመጣ ሲራራ ነጋዴ የሚገናኝበት ነበር፤ ጭነቱን የሚያወጣው በቅሎና አጋሰስ ነው። ያኔ ነጋዴው የበቅሎውን ጀርባ፣ ኮቴና ትንፋሽ አይቶ ሳትወድቅበት በፊት ያውቅ ነበር። ዛሬ ያ ዓይን በዳሽቦርድ ላይ ላሉት መብራቶች ያስፈልገናል ብዬ አምናለሁ። በተለይም በባትሪ ሥዕል ለምትበራው ለቀይዋ። ብዙ ሾፌር አይቷት ያልፋታል፤ ሌላው ደግሞ ባያት ጊዜ ሮጦ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ሁለቱም ይጎዳሉ።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ ወደ ሞቃቱ የጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ይወጣና በሰኮሩ በኩል ወደ አሰንዳቦ ያቀናል። እዚያ አካባቢ የግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ግልገል ጊቤ አንድ የኃይል ማመንጫ 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ኮፈን ሥር ያለው ዲናሞ ትዝ ይለኛል፤ ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ የተፈጥሮ ሕግ ነውና። ማግኔት በመዳብ ሽቦ መካከል ሲዞር ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ግልገል ጊቤ ላይ የሚያዞረው ውኃ ነው፤ መኪናችን ላይ የሚያዞረው ቺንጋ ነው። የአንድ ቤት መኪና ዲናሞ የሚሰጠው ኃይል አንድ ኪሎ ዋት ገደማ ቢሆንም ለሞተሩም፣ ለመብራቱም፣ ለዝናብ መጥረጊያውም ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መኪና በባትሪ አይሄድም። ባትሪው ሞተሪኖውን ያዞራል፤ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ሁሉንም የሚመግበው ዲናሞው ነው፤ ለባትሪውም የወጣበትን ይመልስለታል። ባትሪው ጎተራ ቢሆን እህሉን የሚያስገባው ዲናሞው ነው። ቀዩም መብራት የሚናገረው ስለ ጎተራው ሳይሆን ስለሚገባው እህል ነው። በአብዛኛው መኪና ላይ መብራቱ በባትሪውና በዲናሞው መካከል የተያያዘ ነው፤ ሁለቱም ወገን እኩል ቮልት ሲኖራቸው በመካከላቸው የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ስለሌለ ይጠፋል፤ ዲናሞው ሲደክም ግን ከባትሪው ወደዚያ ይፈስስና ይበራል። ሞተር ሳይነሳ ቁልፍ ስንከፍት የሚበራውም ለዚህ ነው፤ ያኔ ሊበራ ይገባል። ቁልፍ ተከፍቶ ጨርሶ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም ሽቦው ተቆርጧል ማለት ነውና እሱም ራሱ ይመርመር።

ከጅማ ወደ አጋሮ ሲወጡ መልኮ ላይ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ውስጥ በታየ ጊዜ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ፍሬውን የሚያጠቁረውን ይህን ሻጋታ ለመከላከል መድኃኒት መርጨት ተሞክሮ ነበር። መርጨቱ ለድሃ ገበሬ የማይዘለቅ ወጪ ነው። ዘላቂው መፍትሔ የመጣው በሽታው በበዛበት ማሳ መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች ፈልጎ ዘራቸውን በማባዛት ነው። ዛሬ በዚህ አገር ገበሬው ስለ ማሳው ሲያወራ «74110» ወይም «74112» ሲል የምንሰማው የእነዚያን ምርጥ ዝርያዎች መጠሪያ ነው፤ 74 የሚለው የተመረጡበትን እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። በመልኮ በር ባለፍኩ ጊዜ ሁሉ እነዚያን ዛፍ ለዛፍ እየዞሩ የመረመሩትን ሰዎች በአክብሮት አስባቸዋለሁ፤ ከወጪ በፊት መመርመር ለመኪናም ይሠራልና።

ወደ ገራ የሚወስደው መንገድ ከአጋሮ ይገነጠላል። ገራ የደን ቡና አገር ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ጠዋት ጉሙ ከቅጠሉ ላይ ይንጠባጠባል፤ ምድሩ በጋ ገብቶም እርጥብ ነው። ጓደኛዬ ቡና ገዝቶ ለማዕከላዊ ገበያ የሚያቀርብ ነጋዴ ነው፤ ናሙና ሊያይ ሲሄድ አብሬው ሄጄ ነበር። የሄድንባት የቤንዚን መኪና ዕድሜዋ የገፋ፣ ግን በደንብ የተያዘች፣ በእጅ ማርሽ የምትሠራ ቶዮታ ናት። ሥራውን ጨርሰን ወደ አጋሮ ስንመለስ፣ ጠጠሩ መንገድ ላይ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ቀዩ መብራት ብልጭ ይል ጀመር። ቀጥሎ ፈዘዝ ብሎ በርቶ ቀረ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር።

ጓደኛዬ መጀመሪያ ያየው የሙቀት መለኪያውን ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በብዙ መኪና፣ በተለይም በቆዩት ላይ፣ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ የራዲያተሩን ውኃ የሚያዘዋውረውን ፓምፕም ያዞራል። ቺንጋው ተበጥሶ ከሆነ የባትሪው መብራት ቀድሞ ይበራል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሞተሩ ይግላል፤ ያን ጊዜ «አጋሮ ልድረስ» የሚል ሰው ሞተር ያቃጥላል። መሪው በድንገት ከከበደም ያው ቺንጋ ሊሆን ይችላል። መለኪያው ወደ ላይ ከሄደ ወይም መሪው ከከበደ ያለ ክርክር ወዲያው መቆም ነው። የእኛ መለኪያ ግን በቦታው ነበር፤ መሪውም ቀላል ነበር።

ቀጥሎ ሬዲዮኑን፣ የነፋስ ማራገቢያውን፣ ስልክ የሚሞላውን ገመድ ሁሉ አጠፋ፣ ነቀለ። ሒሳቡ ቀላል ነው። የትንሽ ቤት መኪና ባትሪ 45 አምፔር ሰዓት ያህል ይይዛል እንበል። የቤንዚኑ ፓምፕ፣ ካንዴላዎቹና የሞተሩ ኮምፒውተር ብቻቸውን ከ10 እስከ 15 አምፔር ይወስዳሉ። በወረቀት ላይ ሦስት ሰዓት ያስኬዳል። ነገር ግን ባትሪው ባዶ ከመሆኑ በፊት ቮልቱ ወርዶ ሞተሩ መንተባተብ ስለሚጀምር፣ ባትሪውም አዲስ ስላልሆነ፣ ከግማሹ በላይ ተስፋ ማድረግ አይገባም። የፊት መብራቶች ከተጨመሩ ሁለቱ ብቻቸውን 9 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ። ዝናብ ካለና መጥረጊያና ማራገቢያ ከተጨመሩ ጊዜው ከዚያም ያጥራል። ቀን ላይ የበራ መብራትና ማታ ላይ የበራ መብራት ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በቀን ጊዜ አለ፤ በማታ የለም ማለት ይቻላል።

የቆምነው አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርገን ነው። የገጠር ሾፌሮች ሁሉ ይህን ያውቃሉ፤ ሞተሩ ቢጠፋ በሁለተኛ ማርሽ ተንደርድራ ትነሳለች። ማርሹ አውቶማቲክ የሆነ መኪና ግን በመግፋት አይነሳም። እንዲህ ያለ መኪና የያዘ ሰው ቀዩ መብራት ከበራ በኋላ እርዳታ ካለበት ቦታ እስኪደርስ ሞተሩን ባያጠፋ ይሻለዋል፤ ሞተሪኖ አንድ ጊዜ ሲዞር ከ100 አምፔር በላይ ይስባል።

ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ከፈትን። ጓደኛዬ ከመሣሪያ ሳጥኑ ቴስተር አወጣ፤ በእጅ መዳፍ የምትያዝ፣ ርካሽ፣ ሁለት ሽቦ ያላት ናት። በባትሪው ሁለት ጫፎች ላይ አሳረፋት። 12.2 ቮልት። እኔ ነዳጅ ጨመር አደረግኩ፤ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል። ሙሉ የሆነ ጤነኛ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ሞተር ሲሠራ ዲናሞው ወደ 14 ሊያወጣው ይገባል፤ ከ13.8 እስከ 14.5 ያለው ሁሉ ደህና ነው። ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞው ቻርጅ አያደርግም። ከ15 በላይ ከወጣ ደግሞ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ ባትሪው ይፈላል፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ይሸታል፤ ያን ጊዜ መስኮት መክፈትና መቆም ነው።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍተን በእጅ መረመርን። ቺንጋው አለ፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲም ሜትር ያህል ብቻ ይረግባል፣ ስንጥቅ የለውም፣ ዘይትም አልነካውም። የባትሪው ጫፎች ጠብቀዋል፤ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አልያዙም። ዱቄት ቢኖር ኖሮ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ጠብቆ ቫዝሊን ሲቀባ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ከዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ሽቦም በዳዶው ጠብቋል። የቀረው የዲናሞው ውስጥ ነው። ጓደኛዬ መኪናዋን በቁልቁለቱ አስነስቶ ጥቂት እንደሄድን ቆመና በካቻቢቴ እጀታ የዲናሞውን ጀርባ ቀስ ብሎ መታ መታ አደረገው። ቀዩ መብራት ጠፋ። ቴስተሩ 13.9 አሳየ። የሚቀጥለው ጉድጓድ ላይ መልሶ በራ።

«ካርቦን ነው» አለ።

በዲናሞው ውስጥ የሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በሁለት ትንንሽ ካርቦኖች አማካይነት ነው። እየተፋተጉ ያልቃሉ። አዲስ ሲሆኑ አንድ ሳንቲም ሜትር ያህል ይሆናሉ፤ ሲያልቁ የሚገፋቸው ሞላ መድረስ ያቅተውና መንካት አለመንካት ይጀምራሉ። በጠጠር መንገድ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚለው ለዚህ ነው። በገራ ዓይነት አገር ጭቃውና ውኃው ከታች እየተረጨ ይገባልና ካርቦን ቶሎ ያልቃል፤ ኩሽኔታም ቶሎ ይጮኻል።

ያለ ሬዲዮ፣ ያለ ነፋስ፣ በጸጥታ ወደ አጋሮ ወረድን። ይህን መንገድ እንዲህ ሆኜ ባላየው ኖሮ ብዙ ነገር ያመልጠኝ ነበር። የዋንዛውና የብሳናው ጥላ፣ ከሥሩ ቀይ በቀይ የሆነው ቡና፣ በየመታጠፊያው ጆንያቸውን አቁመው መኪና የሚጠብቁ ሰዎች። አንዲት እናት በሁለት እጃቸው የያዙትን እሸት ቡና አሳዩን፤ ጓደኛዬ መስኮት ዝቅ አድርጎ «እማማ፣ ዛሬ ይሸጥልዎት ይሆን?» ሲላቸው «መኪናው ከመጣ» አሉ።

አጋሮ ላይ፣ ጎሚስታዎች በተደረደሩበት መስመር፣ በዕድሜ ጠና ያሉ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አገኘን። «ጋሼ፣ ዲናሞው ቻርጅ አያደርግም» አልኳቸው። «ማን ለካው?» አሉኝ። ቁጥሮቹን፣ ዲናሞው ሲመታ መብራቱ መጥፋቱን ነገርኳቸው። «ግማሹን ሥራ ሠርታችሁ መጣችሁ ልጄ። ብዙው ሰው የሚመጣው አዲስ ባትሪ ገዝቶ፣ እሱንም ጨርሶ ነው።» ዲናሞውን አወረዱት፤ ፈቱት። ካርቦኖቹ እንደ ጥፍር ቀጥነዋል። የሚያርፉባቸውን የመዳብ ቀለበቶች በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጸዱ፤ ኩሽኔታውን በእጃቸው አዙረው ጆሯቸውን አስጠጉ፤ አዲሱን ካርቦን በየዱት። ሲገጠም 14.2 ቮልት፤ የፊት መብራትና ማራገቢያ ተከፍቶም 13.9።

እየሠሩ ሳለ አንድ ወጣት ሾፌር እየሮጠ መጣ። እሸት ቡና የጫነ አይሱዙ ይዟል፤ የእሱም ቀይ መብራት በርቷል። ሰዓቱ ከአሥር አልፏል። ሽማግሌው ካሉበት ሳይነሱ ሁለት ነገር ጠየቁት። ሞተሩ ይግላል? አይግልም። ፓምፑ የዱሮው ነው? ነው። «በል ሳታጠፋው አሁኑኑ ሂድ። ሳይመሽ አራግፍ። ነገ ጠዋት ና።» ልጁ ሳይከራከር ሄደ። ምክንያቱን ኋላ ላይ አስረዱን። በሜካኒካል ፓምፕ የሚሠራ የዱሮ ናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሳ ኤሌክትሪክ እምብዛም አይፈልግም፤ በአንዳንዱ ላይ ነዳጁን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቫልቭ ብቻ ነው የሚጠቀመው። የሚያቆመው ጨለማው ነው፤ የፊት መብራቱ ባትሪውን ይጨርሰዋል። አሁን የሚመጡት በኮምፒውተር የሚታዘዙ ናፍጣዎች ግን እንደ ቤንዚን ናቸው፤ ባትሪ ሲያልቅ ይቆማሉ።

ሽማግሌው ስለ አይሱዙ ሌላም ነገር ነገሩን፤ ለጭነት ሾፌሮች ሁሉ ቢደርስ የምወደው ነው። እነዚህ መኪኖች 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ በተከታታይ ተያይዘው ይሠራሉ፤ ሞተር ሲሠራ 28 ገደማ ያሳያሉ። ብዙ ሾፌር ግን ለሬዲዮኑና ለስልኩ ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ይስባል። ያ ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ ሌላው ደግሞ ከልክ በላይ ይሞላል። ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ አለ፤ ዋጋው ከአንድ ባትሪ ጋር አይወዳደርም።

ሽማግሌው የተቆጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አጠገባቸው ያለ ልጅ የሌላ ደንበኛን መኪና ሞተር አስነስቶ የባትሪውን ገመድ ሊነቅል ሲል አዩት። ዲናሞ ይሠራ እንደሆነ ለማወቅ ይህን የሚያደርግ መካኒክ በየከተማው አለ። ሞተሩ ካልጠፋ «ዲናሞው ደህና ነው» ይባላል። በዱሮ መኪና ላይ ምናልባት ያልፍ ነበር። ባትሪው ግን ከዲናሞው የሚወጣውን ቮልት አርግቶ የሚይዝ ነው፤ በድንገት ሲነቀል ቮልቱ ሽቅብ ይዘላል፤ ሬጉሌተሩንም፣ የሞተሩን ኮምፒውተርም ሊያቃጥል ይችላል። ጥቂት ሰከንድ በቴስተር መለካት እያለ የሰው ንብረት ላይ እንዲህ መፍረድ በደል ነው። ሽማግሌው ልጁን ከመገሠጽ አልፈው ቴስተሩን በእጁ አስይዘው እንዴት እንደሚለካ አሳዩት። ያን ማየቴ ከጉዞው ሁሉ ደስ ካሉኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ይህ ነገር ከዱሮ መኪኖች ጋር ያልፋል የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ እንደሚከለክል ካስታወቀ ወዲህ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪው ሌላ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው፤ በሩን፣ መብራቱን፣ ኮምፒውተሩን የሚያነቃው እሱ ነው። ዲናሞና ቺንጋ የለውም፤ ከትልቁ ባትሪ ቀንሶ የሚመግበው ዕቃ አለው። ያ ዕቃ ሲደክም ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሳለ መኪናው አልነሳም ሊል ይችላል። ምልክቱም ብዙ ጊዜ ያችው በባትሪ ሥዕል የምትበራዋ ቀይ መብራት ናት።

ወደ ገራ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ ወደ ሰቃ፣ ወይም ከዚያ አልፋችሁ ወደ ቦንጋ የምትጓዙ ሁሉ፣ ሳጥናችሁ ውስጥ ከክሪኩ አጠገብ ሦስት ነገር ጨምሩ፦ ቴስተር፣ ለመኪናችሁ ልክ የሆነ ትርፍ ቺንጋ፣ እሱን ለማጥበቅ የሚሆን ቁልፍ። ቀዩ መብራት ሲበራ መጀመሪያ የሙቀት መለኪያውን እዩ፤ ቀጥሎ የማያስፈልገውን ሁሉ አጥፉ፤ ከዚያ ለኩ። ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ ሊነቅል የሚመጣን ሰው እባካችሁ አትፍቀዱለት። ዲናሞው ሳይለካም ባትሪ አትግዙ።